ንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የአሊዩ አምባ ገበያ

የከተማ መሪ የሆነ ሰው ለነዋሪው የሥራና የንግድ በር እንዲከፈት ምን ማድረግ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ማዘጋጃ ቤትና የልማት ዕቅድ ከመጡ ወዲህ የተፈጠረ አይደለም። በአገራችን ታሪክ ውስጥ ይህን ጥያቄ በሥራ የመለሱ፣ መልሳቸውም በከፊል ሲጠቅም በከፊል ሲጎዳ የታየ መሪዎች ነበሩ። ከእነዚህም አንዱ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። ንጉሡ በአብዛኛው የሚታወሱት በዘመቻቸው፣ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በተዋዋሉት ውልና የዳግማዊ ምኒልክ አያት በመሆናቸው ነው። ከአንኮበር ግርጌ፣ በይፋት ቆላ አፋፍ ላይ በምትገኘው በአሊዩ አምባ የተከተሉት የገበያ አስተዳደር ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። ይሁን እንጂ ስለ ከተሞችና ስለ ኢኮኖሚ ለሚያስብ ባለሙያ ከዘመቻዎቹ ይልቅ የሚጠቅመው ይኸው የሕይወታቸው ክፍል ነው።

ትውልድና አነሣሥ

ሣህለ ሥላሴ የተወለዱት በ1780ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ ሲሆን አባታቸው የሸዋው ገዥ ራስ ወሰን ሰገድ፣ እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ነበሩ። በዚያን ዘመን ጎንደር የነበረው የነገሥታቱ ሥልጣን ተዳክሞ መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት ዘመነ መሳፍንት ነበር። ሸዋ ከዚያ ትርምስ በመጠኑ የራቀች፣ በወሎ መሳፍንት አገር ከሰሜኑ የተከለለች ግዛት ነበረች። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከመንዝ ተነሥተው ቀስ በቀስ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ እየሰፉ መጥተው አምኃ ኢየሱስ አንኮበርን መቀመጫቸው አድርገዋት፣ አስፋ ወሰን ደግሞ የአገሩን አስተዳደር አጽንተው ነበር። ስለዚህ ሣህለ ሥላሴ የወረሱት ዳር ድንበሩ ገና ያልረጋ፣ መሠረቱ ግን የተጣለ መንግሥት ነው።

በ1805 ዓ.ም. ራስ ወሰን ሰገድ በሰው እጅ በድንገት ተገደሉ። በሞታቸው ጊዜ ሣህለ ሥላሴ በእናታቸው አገር በሰላ ድንጋይ በትምህርት ላይ ነበሩ። ዕድሜያቸውም አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው በኩሬ ሳይቀድማቸው ፈጥነው ደርሰው ሥልጣኑን ያዙ። እንደ ጊዜው ልማድም ወንድማቸውና ሌሎች ተቀናቃኝ የሚሆኑ ዘመዶቻቸው በይፋት በጎንቾ አምባ ታሰሩ። አዲሱ ገዥ እንደ አባታቸው ራስ በመባል አልረኩም፤ ውሎ አድሮ የሸዋ ንጉሥ ተባሉ። እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በሰላ ድንጋይ ተቀምጠው ሰፊ አገር እያስተዳደሩ የልጃቸው ዋነኛ ድጋፍ ሆነው ኖረዋል።

ንጉሡ አንድ ዓይናቸውን በሕመም ያጡ ቢሆኑም በሥራ ትጉህ፣ አቤቱታ ለመስማት የማይሰለቹ፣ የሰውን ሁኔታ ቶሎ የሚረዱ ሰው እንደነበሩ ያዩዋቸው የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ ተስማምተው ጽፈዋል። በየዓመቱ በምዕራብና በደቡብ በሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብ ላይ ይዘምቱ ነበር። ዘመቻው ለሚዘመትበት ሕዝብ የከብትና የእህል ዝርፊያ፣ የሞትና የምርኮ ምክንያት ነበር። ከጦርነቱ ጎን ለጎን ግን በጋብቻ፣ በሹመትና በሽልማት የአካባቢ ባላባቶችን ወደ ራሳቸው የመሳብ ዘዴም ነበራቸው። በ1820ዎቹ መጀመሪያ ገደማ አንጎለላን ቆርቁረው ሁለተኛ መቀመጫቸው አደረጓት፤ ደብረ ብርሃንንም አሳደሱ። አንኮበር፣ አንጎለላና ደብረ ብርሃን የቤተ መንግሥት ከተሞች ሲሆኑ ገንዘብና የሩቅ አገር ዕቃ ወደ እነሱ የሚወጣው ግን ከታች፣ ከአሊዩ አምባ በኩል ነበር።

የቦታው ነገር

የአሊዩ አምባን ጠቀሜታ ለመረዳት የአገሩን አቀማመጥ ማየት ያሻል። ከአንኮበር ተራራ በስተምሥራቅ መሬቱ በድንገት ተቆርጦ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ከላይ ብርዳማ ደጋ፣ ገብስና ስንዴ፣ በጎችና ፈረሶች አሉ። ከታች ጥጥ፣ ማሽላና ልዩ ልዩ የቆላ ፍሬ ይበቅላል። ከዚያም ወዲያ እስከ አዋሽ ወንዝና እስከ ባሕሩ ጠረፍ የአፋር በረሃ ተዘርግቷል። አሊዩ አምባ የምትገኘው እነዚህ ሁለት ዓለሞች በሚገናኙበት ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከታጁራ ወደብ ከአንድ ወር በላይ በረሃ አቋርጦ የሚመጣው የአፋር ግመል ከዚህ በላይ ያለውን ቀጥ ያለና ድንጋያማ ዳገት ጭነት ይዞ ሊወጣው አይችልም፤ ብርዱንም አይችለውም። ከደጋው የሚወርደው በቅሎና አህያ በበኩሉ የበረሃውን ውኃ ጥም አይቋቋምም። ስለዚህ ጭነት ከግመል ወደ በቅሎ፣ ከበቅሎ ወደ ግመል የሚዛወርበት ስፍራ የግድ ያስፈልግ ነበር።

ጭነት በሚዛወርበት ቦታ ደግሞ ሥራ ይፈጠራል። ዕቃ አውርዶ የሚያስር፣ የሚያስጠብቅ፣ ማደሪያ ቤት የሚያከራይ፣ ለእንስሳት ሣርና ውኃ የሚያቀርብ፣ ለመንገደኛው ምግብ የሚያዘጋጅ፣ ሻጭና ገዥን የሚያገናኝ ደላላ፣ ቋንቋ ለማይተዋወቁ ሰዎች አስተርጓሚ፣ ገመድና አኮፋዳ የሚሠራ፣ ጥጥ የምትፈትል ሴት፣ ፈትሉን የሚሸምን ሸማኔ፣ ሁሉም ከአንዱ ቅፍለት መምጣት የተነሣ ኑሯቸውን ያገኛሉ። ቅፍለቱ ከቀረ ግን ሁሉም አብረው ይጎዳሉ። ሣህለ ሥላሴ ይህን ቦታ አልፈጠሩትም። የአርጎባ ነጋዴዎችና ሸማኔዎች በይፋት ከእርሳቸው ዘመን አስቀድሞ የኖሩ ናቸው፤ የዘይላና የይፋት የንግድ መንገድም ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። የንጉሡ ድርሻ ያገኙትን የተፈጥሮና የታሪክ ዕድል አውቀው ሥርዓት ማበጀታቸው ነው።

የገበያው ሥርዓት

በዚያን ጊዜ በአሊዩ አምባና በአቅራቢያዋ ባለው በአብዱል ረሱል ገበያ በየሳምንቱ የሚገናኘው ሕዝብ ብዙ ዓይነት ነበር። የአካባቢው አርጎባ፣ ከበረሃው የሚመጣው አፋር፣ የሐረር ነጋዴ፣ የደጋው አማራ ገበሬ፣ የኦሮሞ ፈረስና ከብት ሻጭ በአንድ ሜዳ ላይ ይገበያዩ ነበር። ከባሕር በኩል የሕንድ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ መዳብ፣ ኩልና የጦር መሣሪያ ይገባል። አፋሮች ከአሳል ሐይቅ የሚጭኑት ጨው በደጋው ሁሉ የሚፈለግ ዕቃ ነበር። ከመሐል አገርና ከደቡብ ምዕራብ፣ እስከ እናርያና እስከ ጉራጌ ድረስ፣ በየረር አካባቢ በነበረው በሮጌ ገበያ እያለፈ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ዝባድና ወርቅ ይመጣል። መገበያያው የማርትሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ሲሆን ድኻው በእህልና በጥጥ ይለዋወጥ ነበር።

ንጉሡ በዚህ ገበያ ላይ ካደረጉት ሥራ የመጀመሪያው የመንገዱን ጸጥታ ማስጠበቅ ነው። የይፋትን አስተዳደር፣ የምሥራቁን ጠረፍና የቅፍለቱን ጉዳይ በአቦጋዝነት ለወላስማ መሐመድ ሰጥተው ነበር። ይህ ሰው የጥንቱ የይፋት ሡልጣኖች የወላስማ ሥርወ መንግሥት ዘር ነኝ የሚል፣ በቆላው ሕዝብ ዘንድ የተከበረ ሙስሊም ባላባት ነበር። ሣህለ ሥላሴ ከደጋው አንድ ክርስቲያን መኮንን ልከው በኃይል ለማስገበር ይችሉ ነበር። የአገሩን ሰው በአገሩ ላይ መሾም ግን የሚቀንሰው ወጪ፣ የሚያተርፈውም ሰላም ብዙ መሆኑን ተረድተዋል። ከአፋር አለቆችም ጋር ስጦታ በመለዋወጥና በመግባባት መንገዱ ክፍት እንዲሆን ይጥሩ ነበር። ጸጥታው ምሉዕ አልነበረም፤ በበረሃው ውስጥ የጎሣ ግጭትና ግድያ ይደርስ ነበር። ቅፍለቱ ይፋት ከገባ በኋላ ግን የንጉሡ ሥልጣን የሚጠብቀው መሆኑን ነጋዴው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ሁለተኛው ሥራ ነጋዴው በሃይማኖቱና በልማዱ ሳይነካ እንዲኖር መፍቀዳቸው ነው። ሣህለ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አሠሪና አስቀዳሽ ክርስቲያን ንጉሥ ነበሩ። ሆኖም አሊዩ አምባ መስጊድ ያላት፣ ሙስሊም ነዋሪዋ የበዛ ከተማ ሆና በእርሳቸው ጥላ ሥር ኖራለች። ከሐረር የመጡ ነጋዴዎች በዚያ ሰፍረው እንደ አንድ ማኅበር ይኖሩ ነበር፤ ንጉሡም ከሐረር አሚር ጋር መልእክትና ስጦታ ይለዋወጡ ነበር። ይህ መቻቻል ከልብ ቸርነት ብቻ የመጣ አይደለም። የባሕሩን መንገድ፣ የብድሩን ሥርዓት፣ የሩቁን ገበያ ዋጋ፣ የአረብኛውን ጽሕፈት የሚያውቁት እነሱ ስለነበሩ እነሱን መግፋት ዕውቀታቸውን አብሮ መግፋት ይሆን ነበር። ከተማን ለማሳደግ የሚሻ መሪ መጤውንና የተለየ እምነት ያለውን ባለሙያ ማስቀመጥ እንደሚገባው ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ሦስተኛው የንግዱን ቦታ መወሰናቸው ነው። ከባሕር ጠረፍ የመጡ ነጋዴዎች በአሊዩ አምባና በአብዱል ረሱል ገበያዎች እንዲቆሙ እንጂ ወደ መሐል አገር ዘልቀው እንዳይነግዱ ተከልክለው ነበር። የዚህ ክልከላ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው ጸጥታ ሲሆን ጦር መሣሪያ ወደ ተቃዋሚ እጅ እንዳይገባ መቆጣጠር ነው። ሁለተኛው ጥቅም ነው፤ የጠረፉ ነጋዴ ከተማዋ ላይ ሲቆም ከዚያ በላይ ያለውን ንግድ የሸዋ ሰው ይይዘዋል፤ ቀረጡም በአንድ ኬላ ላይ ተጠናቅቆ ይሰበሰባል። ለአሊዩ አምባ ነዋሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነበር፤ የሚያልፍ ሁሉ ሳይቆም አያልፍምና። ለሌላው አካባቢ ግን ዕድሉን የዘጋ ድንጋጌ ነው። የአንዱ ከተማ ብልጽግና በሌላው መከልከል ላይ ሲመሠረት መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ ያነሣል።

አራተኛው የእጅ ሥራን መሻታቸው ነው። በአንኮበር ግቢያቸው አንጥረኞች፣ ሸማኔዎች፣ የጠመንጃ ጠጋኞችና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎች ይሠሩ ነበር። የውጭ አገር ሰው ሲመጣ አብዝተው የሚጠይቁት ሐኪም፣ ግንበኛና መሣሪያ ሠሪ ነበር። በ1831 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጡት ሚሲዮናውያን ኢዘንበርግና ክራፕፍ የሃይማኖት ትምህርት ለማስተማር ሲያስቡ ንጉሡ የፈለጉት የእጅ ጥበብ መሆኑን ተረድተዋል። ከእነሱ በኋላ የደረሰው ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም ባሩድ መሥራትን የመሰለ ጥበብ በማሳየቱ በንጉሡ ዘንድ ተወዳጅ ሆኗል።

በረኀብ ዘመንና በውል ዘመን

በ1820ዎቹ ዓ.ም. ሸዋን ድርቅና ረኀብ መታት፤ ተከትሎም የኮሌራ ወረርሽኝ ገባ። ከብት አለቀ፤ ዘር ጠፋ፤ ሰው ተሰደደ። በዚያን ጊዜ ንጉሡ የመንግሥቱን ጎተራዎች ከፍተው ለሕዝቡ እህል አከፋፍለዋል። ጎተራው የተሞላው በገበሬው ግብርና በግዳጅ ሥራ ስለሆነ የተሰጠው የራሱ የሕዝቡ እህል ነው ማለት ይቻላል። ቢሆንም ጎተራ ሞልቶ ሳለ ሕዝብ ሲያልቅ ዝም ያሉ ገዥዎችን ታሪካችን ስለሚያውቅ የሣህለ ሥላሴ ድርጊት የሚጠቀስ ነው። ገበያ የሚቆመው የሚገዛ ሰው በሕይወት ሲኖር ነውና እህሉ ለገበያውም መድኅን ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የባሕሩ በኩል ነገር ተለወጠ። በ1831 ዓ.ም. እንግሊዞች ኤደንን ያዙ። ሣህለ ሥላሴም የጦር መሣሪያና ባለሙያ ለማግኘት በኤደን ወዳሉት የእንግሊዝ ሹማምንት መልእክት ላኩ። በ1833 ዓ.ም. ክረምት በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራ የእንግሊዝ ልዑክ በታጁራና በአፋር በረሃ አልፎ ሸዋ ገባ። ልዑኩ ወደ አንኮበር የወጣው በአሊዩ አምባ በኩል ነበር። በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. በአንጎለላ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ፤ በ1835 ዓ.ም. ደግሞ በሮሼ ዴሪኩር አማካይነት ከፈረንሳይ ጋር ሌላ ውል ተደረገ። ቻርልስ ጆንስተን የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪምም በ1834 ዓ.ም. መጥቶ በአሊዩ አምባ ታሞ በመሰንበቱ ስለ ከተማዋ የዕለት ኑሮ፣ ስለ ቤት አሠራርና ስለ ገበያዋ ዝርዝር ጽሑፍ ትቷል።

ከውሉ የተገኘው የንግድ ፍሬ ግን ጥቂት ነበር። እንግሊዞች የፈለጉት ለዕቃቸው ገበያ፣ ንጉሡ የፈለጉት መሣሪያና ባለሙያ ስለነበር የሁለቱ ሐሳብ አልገጠመም። መንገዱ ያው የአፋር በረሃ ነው፤ ወደቡም በሸዋ እጅ አይደለም። ልዑኩ በ1835 ዓ.ም. ሲመለስ ውሉ በወረቀት ላይ ቀረ። የውጭ ውል መንገድና ወደብ ካልተከተለው በገበያው ላይ የሚጨምረው ነገር አለመኖሩን አሊዩ አምባ ያኔ አይታለች።

የሥርዓቱ ጉድለት

እስከዚህ የተነገረው የሣህለ ሥላሴን ብልኅነት የሚያሳይ ነው። ሥራቸውን በሙሉ ለመመዘን ግን ጉድለቱንም እኩል መናገር ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው የባሪያ ንግድ ነው። ከአሊዩ አምባ አጠገብ የነበረው የአብዱል ረሱል ገበያ በዋናነት ሰው የሚሸጥበት ገበያ ነበር። ከጉራጌ፣ ከኦሮሞ አገርና ከደቡብ ምዕራብ በዘመቻና በአፈና የተያዙ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በሮጌ በኩል እየተነዱ መጥተው በዚያ ይሸጡ ነበር። ከዚያም ወደ ታጁራና ወደ ሐረር፣ ከባሕር ማዶም ወደ ዓረብ አገር ይወሰዱ ነበር። በክርስትናው ሕግ ክርስቲያን ሰውን መሸጥ የተከለከለ ቢሆንም ንጉሡ ከሚያልፈው ባሪያ ቀረጥ ይወስዱ ነበር። ስለዚህ የአሊዩ አምባ ማደሪያ ኪራይ፣ የደላላው ድርሻ፣ የእህል ሻጯ ትርፍ ከዚህ ግፍ ጋር የተሳሰረ ነበር። አንድ ከተማ ሥራ በዛባት፣ ገበያዋ ደራ ሲባል የማን ዕድል እንደሰፋና የማን ሕይወት እንደጠፋ አብሮ መጠየቅ አለበት። በዚያች ሜዳ ላይ ከተሰለፉት መካከል ስማቸው የተጻፈ የለም ማለት ይቻላል፤ ከተማዋ የተዳረችበት ሀብት ትልቁ ክፍል ግን እነሱ ነበሩ።

ሁለተኛው ጉድለት ንጉሡ ገዥም ነጋዴም መሆናቸው ነው። የዝሆን ጥርስን የመሰለው ትርፍ የሚበዛበት ዕቃ የንጉሡ ብቻ ነበር። ከውጭ በሚገባው ዕቃ ላይም አስቀድሞ መርጦ የመውሰድ መብት ነበራቸው። እንዲህ ያለ አሠራር ግምጃ ቤቱን ይሞላል፤ ነገር ግን ሀብታም ነጋዴ ሀብቱን እንዲደብቅ ያስገድደዋል። ሀብቱን የሚደብቅ ሰው ሰፊ ቤት አይሠራም፤ ብዙ ሰው አይቀጥርም፤ ገንዘቡን ለረጅም ጊዜ በሚቆይ ሥራ ላይ አያውልም። በሸዋ ተራራ ላይ የማርትሬዛ ብር በንጉሡ ግምጃ ቤት ሲከማች በቆላው ገበያ ግን ከልውውጥ ያለፈ የምርት ሥራ አለመስፋፋቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ሦስተኛው አዲስ ጥበብ በሕዝብ ዘንድ መሠረት እንዲይዝ በቂ ጥረት አለመደረጉ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው የውኃ ወፍጮው ነገር ነው። ድሜጥሮስ የሚባል ከባሕር ማዶ የመጣ ግንበኛ በአንኮበር አካባቢ በውኃ ኃይል የሚሠራ ወፍጮ ተክሎ ነበር። ወፍጮው እህል መፍጨት ሲጀምር ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለነቀፉት ሥራው ተቋርጦ ቀረ። በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው የሚውሉት ሴቶች ያ ወፍጮ ቢቀጥል ኖሮ የሚያተርፉት ጊዜና ጉልበት ቀላል አልነበረም። በጦር ሜዳ ማንንም የማይፈሩት ንጉሥ በዚህ ነገር ላይ አልጸኑም። የጦር መሣሪያ ሲሆን ነቀፌታ አልተሰማም፤ የሴቶችን ሥራ የሚያቀል ሲሆን ግን ነቀፌታው አሸነፈ።

አራተኛውና የመጨረሻው ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ነው። የመንገዱ ሰላም በንጉሡና በወላስማ መሐመድ መግባባት፣ የሐረሮች መኖር በንጉሡና በአሚሩ ወዳጅነት፣ የቀረጡ ልክ በንጉሡ ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር። ከተማዋ የራሷ የሆነ፣ ገዥ ቢለወጥ የሚቀጥል ድንጋጌ፣ የነጋዴዎች ማኅበርም ሆነ የሚታወቅ ደንብ አልነበራትም።

ከንጉሡ በኋላ

ሣህለ ሥላሴ ለረጅም ጊዜ ታመው በ1840 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ዐረፉ። ልጃቸው ኃይለ መለኮት ነገሡ፤ ነገር ግን የአባታቸውን ያህል አገሩን አንድ አድርገው ለመያዝ አልቻሉም። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ዘመቱ። ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ታመው ሞቱ፤ ልጃቸው ምኒልክም ተማርከው ወደ ቴዎድሮስ ዘንድ ተወሰዱ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ ሲመለሱ የአያታቸውን መንግሥት መልሰው አቋቋሙ፤ በአንኮበርና በአፋር በኩል የሚሄደውን የንግድ መንገድም ለጊዜው ተጠቀሙበት።

ሆኖም የአሊዩ አምባ ዕጣ እየተለወጠ ነበር። የመንግሥቱ መቀመጫ ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ወደ እንጦጦ፣ በመጨረሻም ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ሐረርን ሲይዙ ከባሕር ጋር የሚገናኘው ዋናው መንገድ በሐረር በኩል ሆነ። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ከታጁራ ግመል ጭኖ ወደ ይፋት አፋፍ የሚመጣበት ምክንያት ጠፋ። ከግመል ወደ በቅሎ ጭነት በሚዛወርበት ቦታ ላይ የተመሠረተ ከተማ የጭነቱ ዓይነት ሲለወጥ የሚገጥመውን ነገር አሊዩ አምባ ገጥሟታል። የአካባቢው ሳምንታዊ ገበያ፣ የአርጎባው ሽመናና እርሻ ግን አልጠፉም። የነገሥታቱን ዘመን ያለፉት ከነጋዴው ቅፍለት ይልቅ እነዚህ ናቸው።

ለከተማ አስተዳደር የሚተርፈው

ከሣህለ ሥላሴ ሥራ ለዛሬው የከተማ አስተዳደር ባለሙያ ጠቃሚ የሚሆነውን ለይቶ መውሰድ ይቻላል። መሪ አስቀድሞ ከተማው ለምን በዚያ ቦታ እንደቆመ ማወቅ አለበት። በአሊዩ አምባ ሀብቱ በደጋና በቆላ መገናኛ ላይ መሆን ነበር። በሌላው ከተማ ውኃ፣ የትምህርት ተቋም፣ የመንገድ መገናኛ ወይም የሠለጠነ እጅ ሊሆን ይችላል። ቦታውን ሳያጠኑ የሌላውን ከተማ ዕቅድ መቅዳት ገንዘብ ማባከን ነው።

ቀጥሎ ለመንገዱ ሰላምና ለተራው ነጋዴ ደኅንነት ከማናቸውም ግንባታ በፊት ማሰብ ይገባል። ሣህለ ሥላሴ በአሊዩ አምባ ያሠሩት የሚደነቅ ሕንፃ የለም፤ ያስገኙት መተማመንን ነው። መተማመኑም የመጣው የአካባቢውን ሰው በአካባቢው ጉዳይ ላይ በመሾም፣ እንግዳውንም በእምነቱና በቋንቋው ባለመግፋት ነው።

ከጉድለታቸውም የሚወሰደው ትምህርት ከዚህ አያንስም። አስተዳደሩ ራሱ ከግብር ከፋዩ ጋር የሚወዳደር ነጋዴ ከሆነ ቀረጡ ዛሬ ቢበዛም ነገ ይደርቃል። በአንድ መንገድና በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ የቆመ ገበያ መንገዱ ሲታጠፍ ይወድቃል፤ ስለዚህ ከሚያልፈው ጭነት በሚገኘው ገቢ እዚያው የሚቀር ሙያና ምርት መትከል ያስፈልጋል። በይፋት ጥጥ ነበረ፤ ፈታይና ሸማኔም ነበሩ። ከብዙ ዓመት ቀረጥ ጥቂቱ በእነሱ ሙያ ላይ ቢውል ኖሮ ባቡሩ መንገዱን በቀየረ ጊዜ የከተማዋ ነዋሪ የሚይዘው ነገር በበዛ ነበር። የከተማው ደንብም የሚጻፍና ከሹሙ ዕድሜ የሚረዝም መሆን አለበት።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ነግሠው ለልጃቸው የተከበረ መንግሥትና የሞላ ግምጃ ቤት አውርሰዋል። የእርሳቸውን ሥራ የሚመዝን ሰው ግን በአንኮበር ከተቆጠረው ብር ጋር ከታች በገበያው የነበሩትን የአርጎባ ሸማኔ፣ የአፋር ግመል ነጂ፣ እህል ሻጭ ሴትና ከሩቅ አገር ታስሮ የመጣ ሕፃን አብሮ መቁጠር ይኖርበታል። የከተማ መሪ ከፈተው የሚባለው የሥራ በር ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው ምን እንደሆነ ሳይታይ ሒሳቡ አይዘጋም።